የጨረር እርማት

አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ የእኔ ሥራ በረደኝ ላለ ማሞቅ፣ ሞቀኝ ላለ ማቀዝቀዝ ነው። እንግዳው ይደውላል፣ የመፍቻ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቴርሞስታት ከፍቼ ነካ ነካ አድርጌ እዘጋታለሁ። ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ተጨቃጭቆ ነው የሞቀው። «አሁን ተስተካክሏል» እለዋለሁ። «ወዲያው ታወቀኝ» ይለኛል። እንዲህ ስለ ሙቀት እየዋሸሁ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ።

ከዚያ በፊት እውነቱን የምለካ ሰው ነበርኩ። ስሜ ኪራኮስ ነው። አዲስ አበባ፣ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ የላይኛው አየር ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ፊኛ ለቅቄያለሁ። የልደት ፊኛ አይደለም፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ከሥሩ መለኪያ የታሰረለት፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ድረስ ወጥቶ የሚፈነዳ ፊኛ። በቀን ሁለት ጊዜ ይለቀቃል፤ በዓል የለ፣ ለቅሶ የለ። የሰርጌ ማግስት እንኳ ሥራ ገብቼ ለቅቄያለሁ፤ ባለቤቴ ስመኝ እስከ ዛሬ በተጣላን ቁጥር ታነሣብኛለች። እዚህ አገር ስለዚህ ሙያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሆቴሉ ሲቀጥረኝ ቅጼን ያነበበው ሰውዬ «የአየር ጠባይ? በጣም ጥሩ፣ እንግዲያው ቴርሞስታት ታውቃለህ ማለት ነው» አለኝ። ለሙያዬ የተሰጠኝ ክብር ይኸው ነው።

ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም፤ ያለዚህ ጥፋቴ አይገባችሁም። ፊኛ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ፀሐይዋ ግን ምንም የሚከልላት ስለሌለ ያገኘችውን ሁሉ ትጠብሳለች። ስለዚህ ቀን የተለቀቀ ቴርሞሜትር የአየሩን ብርድ መናገሩን ትቶ የራሱን ገላ ሙቀት ይናገራል። በአጭሩ ይቀጥፋል። ለዚህ ሰንጠረዥ ነበረን፤ በዚህ ከፍታ፣ ፀሐይ እዚህ ስትደርስ፣ ይህን ያህል ዲግሪ ቀንስ የሚል። የጨረር እርማት እንለዋለን። አለቃችን ጋሽ ኃይሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስተምሩት እሱን ነበር። «ያልታረመ ቁጥርና ያልታረመ ማሳ አንድ ነው፤ ሁለቱም አይበላም» ይሉናል። «አርም!» ሲሉ እርሳስ ይነሣል፣ ሰንጠረዡ ይገለጣል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በዲቪ ስንመጣ ልጃችን ሀሴት አምስት ዓመቷ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተን ሁለት ዓመት ሳይሞላን ከአማርኛዋ መጀመሪያ ግሶቹ ሄዱ፤ የተረፉት የምግብ ስሞችና ጥቂት ስድቦች ናቸው። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የሁሉም ሰው ቤት እንዲህ ነው ይሉኛል፤ የሁሉም ሰው ቤት ቢቃጠል የእኔ መቃጠል ደስ ሊለኝ ነው? «በአማርኛ!» ብዬ እጮህባታለሁ። ያኔ ጭራሹን ትተወውና ክፍሏ ትገባለች። ስመኝ «ቋንቋ አስተምራለሁ ብለህ ዝምታ አስተማርካት» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ግን ሰው የገዛ ልጁን በአስተርጓሚ ማወቅ አለበት?

በ2013 ዓመተ ምሕረት፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሀሴት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እዚያው አጠገባችን ያለ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ፋርማሲ ካሸር ሆና ትሠራለች። አንድ ቀን እራት ላይ እናቷን ይመስለኛል የምታወራው፣ «ፕሮፌሰራችን ባሉን ሊያስለቅቀን ነው፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር» ስትል ሰማሁ። የጎረስኩት ትን አለኝ።

«ከሥሩ ምን ታስሩበታላችሁ?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ዩ ኖው አባውት ዚስ፣ ዳድ?»

እንግዲህ አስቡት። አሥራ አራት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ልጄ አባቷ ምን እንደነበር አታውቅም። ነግሬያት ነበር፤ ግን በአማርኛ ነው የነገርኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ከኮሌጅ ስትመለስ ቀጥታ ወደ እኔ ትመጣለች። ሙከራቸው ምን እንደሆነ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። ከፊኛው ሥር በምትንጠለጠል የፎም ሳጥን ላይ ቴርሞሜትሮች ያስራሉ፤ አንዱ ጥላ ሥር፣ አንዱ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ አንዱ ጥቁር የተቀባ። አራተኛው በቀጭን ሽቦ ወጥቶ የፊኛው ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ፀሐይ እያንዳንዳቸውን ምን ያህል እንደምታሞቅ ማወቅ ነው የፈለጉት። እኔም ቆዳው ቶሎ እንደሚያረጅ፣ በባዶ እጅ ከነኩት የጣት ላብ እንደሚያሳሳው፣ ንፋስ ሲኖር አንገቱን እንዴት እንደሚይዙት ነገርኳት። የነገርኳትን ይዛ ትሄድና ለጓደኞቿ ትነግራለች። ስመኝ ከማጀት ብቅ ብላ ታየንና ትመለሳለች።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ፣ ሃልቨርሰን ይባላል፣ ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች አራቱን መርጦ ኦገስት ላይ ኒው ሜክሲኮ ለትልቅ በረራ ይወስዳል። ለእነዚህ ለአራቱ ራሱ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፤ በዚያ ደብዳቤ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ይገባሉ። ሀሴት ከአራቱ አንዷ ሆና ስሟ ወጥቷል፤ የቀራት የመጨረሻውን ሪፖርት ማስገባት ነው። ሌላ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው አልነበራትም። እኔ የማውቀው ትልቅ ሰው የሆቴሉን ማኔጀር ነው፤ እሱም ስሜን አስተካክሎ አይጠራም።

ኤፕሪል ላይ አንድ ቅዳሜ ሀሴት ከሥራ አስፈቅዳ፣ እኔም አስፈቅጄ፣ ፍሬድሪክ የምትባለውን ከተማ አልፎ ባለ ሜዳ ላይ ሲለቁ ለማየት ሄድን። ቤተሰብ ከገመድ ወዲህ እንዲቆም ተደረገ። ልጆቹ ጓንት አድርገው ከበቡት፤ ፊኛው እየተነፋ ተነሣ፣ ተነሣና ንፋስ ሲመታው ወደ ጎን ተኛ። አያያዛቸውን ሳይ እጄ ራሱ ተንቀሳቀሰ። «ዝቅ! አንገቱን ዝቅ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ሀሴት ግን ሰምታኝ ዝቅ አደረገችው፣ ፊኛው ቀጥ አለ። ሲለቁት እንባዬ መጣ፤ ምን ያስዋሻል። ስመኝ መሐረብ ሰጠችኝ፣ «ሰርግህ ላይ እንኳን እንዲህ አልሆንክም» እያለች።

ፊኛው ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ፈነዳ። ሳጥኗ በጃንጥላ ወርዳ ርቃ፣ ከአንድ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ አንድ ዶሮ አርቢ ግቢ ውስጥ ተገኘች፣ ምንም ሳትሆን። ቁጥሮቹ ያሉባትን ካርድ ፕሮፌሰሩ ወስዶ ቆለፈባት፤ ለልጆቹ ቅጂ ሰጣቸው።

ሪፖርቱ የሚገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ በዋለ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሀሴት ጽሑፉን ጨርሳለች፣ ግራፉንም ሠርታ ጽሑፉ ውስጥ አስገብታዋለች። የቀረው ከኋላ የሚያያዘው ሰንጠረዥ ነው፤ አራቱ ቴርሞሜትሮች በየደቂቃው ያሉት ቁጥር። ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ላፕቶፑን ፊቴ አስቀመጠች። ቆም ብላ አሰበች። አፏን ስታሟሽ አየኋት፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«አባዬ፣ ይህን ሰንጠረዥ አርምልኝ» አለችኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ልጄ በአማርኛ ለመነችኝ። የለመነችኝ ደግሞ በሙያዬ ቃል ነው፣ ጋሽ ኃይሉ በሚሉት ቃል። «ቼክ አድርግልኝ» ብትለኝ ኖሮ የተደገመ መስመር፣ የተዘለለ ደቂቃ ካለ አይቼ እመልስላት ነበር። እሷ ያለችው አርምልኝ ነው። ደረቴ ተነፋ። «አንቺ ብቻ ሂጂ» አልኳት።

መነጽሬን አደረግሁና ተቀመጥኩ። መሬት ላይ ሳሉ አራቱም አሥራ አንድ ዲግሪ ይላሉ። ከፍ ሲሉ ይለያዩ ጀመር። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ጥላ ሥር ያለው ከዜሮ በታች ሃምሳ ሁለት ሲል የፊኛው ቆዳ ሃያ አራት ብቻ ይላል፤ ጥቁሩማ ዓይን አውጥቶ አሥራ አምስት። አንድ ሰማይ፣ አንድ ደቂቃ፣ አራት ወሬ! አሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው፤ ቀጣፊውን ለይቶ ማቃናት። የድሮው ሰንጠረዥ በእጄ ባይኖርም በጭንቅላቴ አለ። የጎደለውን በጥላው ቴርሞሜትር እየለካሁ፣ መስመር በመስመር፣ ሦስቱን ቀንሼ ቀንሼ ከእውነተኛው ጋር አስታረቅኳቸው። አራት ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ፤ ምሳ አልበላሁም። ስጨርስ አራቱም ዓምድ እንደ መንታ ልጆች ጎን ለጎን ይሄዳል። ሴቭ አደረግሁት።

መሥሪያ ቤት ቢሆን በቀይ እርሳስ ታርሟል ብዬ፣ ፈርሜ፣ ዋናውን ቁጥር ከላዩ ሰርዤ አሳይ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ቀይ እርሳስ የለም። ይህን እንኳ አላሰብኩም።

ደግሞስ እኔ ምን ነክቶኝ ነው? ልጅቷ ወረቀት ላይ ሥላ አስረድታኛለች። ፀሐይ ምን ያህል እንደምታሞቃቸው ነው የሚፈልጉት። ያ ልዩነት ስሕተቱ አይደለም፣ ሙከራው ራሱ ነው! እኔ እንደ አረም የነቀልኩት እነሱ የዘሩትን ነው። ይህን ማንም ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን አርም ከተባልኩ በኋላ ማወቄን ረሳሁት።

ሀሴት ከሥራ ስትመለስ የሪፖርቱ ማስገቢያ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። «አለቀ?» አለችኝ ጃኬቷን ሳታወልቅ። «አልቋል፣ ጥርት አድርጌዋለሁ» አልኳት። አላየችውም። ከጽሑፉ ጋር አያይዛ ላከችው። ከዚያ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ፣ «አመሰግናለሁ» አለች። እሱንም በአማርኛ።

ሰኞ ፕሮፌሰሩ ጠራት። ጽሑፏ ውስጥ ያለው ግራፍ የፊኛው ቆዳ ከአየሩ ሃያ ስምንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ያሳያል። ከኋላ ያለው ሰንጠረዥ ምንም ልዩነት የለም ይላል። ሰውዬው አንዱን ፈጥራዋለች ብሎ ካርዱን አውጥቶ አመሳከረ፤ ግራፉ ትክክል ሆኖ ሰንጠረዡ ተነካክቶ ተገኘ። ሀሴት ሰንጠረዡን ስታይ ወዲያው ገባት። ግን አባቴ ነው አላለችም። «አንድ ፎርሙላ ስሞክር ተበላሽቶብኝ፣ ሳላየው ላክሁት» አለችው። ሰውዬው ግራ ገባው፤ ሰው የራሱን ውጤት የሚያፈርስ ውሸት ለምን ይሠራል? ዝርክርክነት ነው ብሎ ተቆጣትና፣ ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ሰንጠረዡን ከካርዱ አስተካክለሽ አምጪ አላት። ቦታዋ አልተነካም። ነገሩ አልቋል።

እንግዲህ ማለቁን እኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት ስመኝ የሰማችውን ቁራጭ ነው። ማክሰኞ ሀሴት አብራት ለምትማረው ለሰሊና በስልክ «ዳታውን ፌክ ያደረግሁ መስሎት ነበር» እያለች ስታለቅስ ሰምታታለች። ለእኔም ነገረችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሀሴት ጫማዋን ስታስር ጠበቅኋትና «ምንድን ነው የሆነው? እኔ ያረምኩት ነው ወይ?» አልኳት።

«ዶንት ዎሪ፣ ዳድ። አይ ሃንድልድ ኢት። ሊቭ ኢት፣ ፕሊዝ።»

ተወው ነው ያለችው፣ በለመደችው ቋንቋ፣ በግልጽ። ይህን ግን አልሰማሁም። ልጄ በእኔ ሥራ ቀጣፊ ተብላ እኔ አሌክሳንድሪያ ቴርሞስታት እየነካካሁ ልውል? ሐሙስ ፈቃድ ወሰድኩ። ሱፌን ለበስኩ። የመሥሪያ ቤቱን የምስክር ወረቀቶች ከሻንጣ አወጣሁ። ስመኝ በር ላይ ቆመች።

«ልጅቷ ተወው ብላሃለች። ተወው።»

«እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው» አልኳት።

«አንተማ የትም ቢመሽብህ ቤትህ ታድራለህ። እሷ የት ትደር?»

ተቆጥቼ ወጣሁ።

ፕሮፌሰር ሃልቨርሰን ረጅም፣ ፊተ ቀይ፣ ትሑት ሰው ነው። መጀመሪያ ሊያስቸግረው የመጣ ወላጅ መስዬው ነበር። የምስክር ወረቀቶቹን ሳሳየው ፊቱ በራ። ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በቀን ሁለት ጊዜ? አሥራ ሰባት ዓመት? ታዲያ ከአሥር ሺህ በላይ ፊኛ ለቅቀሃል ማለት ነው አለኝ። ንፋስ ሲኖር ምን ታደርጉ ነበር? ጋዙን ራሳችሁ ነበር የምታመርቱት? ወረቀት አምጥቶ የጨረር እርማቱን ሰንጠረዥ አስጻፈኝ፤ በቃሌ ጻፍኩለት። ለካ አፌ እንግሊዝኛ ይችላል! አንድ ሰዓት ሙሉ ሰውዬው አፍ አፌን እያየ አዳመጠኝ። ይህን አልደብቅም፤ በዚያ ሰዓት ለምን እንደመጣሁ ረስቼው ነበር።

ያስታወሰኝ እሱ ነው። «ታዲያ የሀሴትን ሰንጠረዥ የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። እሷ ጥፋት የለባትም።»

«እንድትሠራው ጠይቃህ ነው?»

ሰው ሁለት ቋንቋ እያለው በአንድ ቃል ብቻ ሊቀር አይገባም ነበር። እኔ ግን እውነት ተናጋሪ ነኝ። ያለችውን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

«ሺ አስክድ ሚ ቱ ኮሬክት ኢት» አልኩት።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለእኔ የሙያ ቃል ነው፤ ለእሱ ተማሪዋ ቁጥሩን እንዲያስተካክልላት ሌላ ሰው ለመነች ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ እኔ ራሴ አበላሸሁት ብላ በጽሑፍ ዋሽታዋለች። «ሚስተር ኪራኮስ» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «ይህን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። ግን አሁን ከእኔ እጅ ወጣ።» ያን ጊዜ እንኳ ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም። ጨብጬው ስወጣ ደረቴ ቀና ብሎ ነበር።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ሀሴት ከቡድኑ ወጣች፤ ቦታዋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ ደብዳቤውም ቀረ። የተቀጣችው በሰንጠረዡ አይደለም። ውሸት ጽፈሻል ነው ያሏት።

ደብዳቤው በደረሰ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ቃል እየፈለገች፣ እየተሰናከለች፣ በአማርኛ ነው የተናገረችው።

«ማን ሂድ አለህ?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት» አልኳት። «አርምልኝ ብለሽኛል፣ አርሜልሻለሁ። ለምን በአንቺ ይላከካል?»

«አርምልኝ ማለት…» ቃሉ ጠፋባት። እጇን አወናጨፈች። «እትዬ የወይንሐረግ ‹ደብተራችሁን አምጡ፣ ላርም› ይሉን ነበር። ያያሉ፣ ራይት ያደርጋሉ፣ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ቁጥር ቀይረው አያውቁም።»

እትዬ የወይንሐረግ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ፊደል የሚያስተምሩ ሴትዮ ናቸው። ሀሴትን ስድስት ዓመት በግድ እየጎተትኩ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ለካ ማረም ማለት ለእሷ አይቶ ራይት ማድረግ ነው።

ዝም ማለት ሲገባኝ፣ ይህ ደረቅ ጭንቅላቴ፣ «ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ ቼክ አላልሽኝም?» አልኳት።

«በአማርኛ ስናገር ደስ ይልሃል ብዬ» አለች።

ስመኝ ከማጀት ወጥታ ልጅቷን አቅፋ ወሰደቻት። እኔ ደብዳቤውን ይዤ ቀረሁ። ልኩል ብዬ ዓይን አጠፋሁ፤ ያውም ሁለቱንም፤ አንዱን በእርማት፣ አንዱን በእውነት።

ኦገስት ላይ አራቱ ልጆች ኒው ሜክሲኮ ሄዱ። ሀሴትን ፋርማሲው ሙሉ ሰዓት ቀጠራት፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር እመለሳለሁ ትላለች፣ አልተመዘገበችም። ከእኔ ጋር አልተኳረፈችም፤ ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ሰላም ትለኛለች፣ ዕቃ እንድትገዛ ስልካት ትገዛለች፣ የምትናገረው ግን ቁርጥ ያለ፣ ጥንቅቅ ያለ እንግሊዝኛ ነው፤ ለእንግዳ ሰው የሚናገሩት ዓይነት። እኔም «በአማርኛ» ማለቱን ትቻለሁ። በምን አፌ?

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ዜና አያለሁ። ሀሴት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። እኔ የራሴ ኢሜይል የለኝም፤ ለሐኪሙም፣ ለመንጃ ፈቃዱም፣ ለሁሉም የማስሞላው የእሷን ነው። ፕሮፌሰሩ ቢሮም ያን ሐሙስ ስጠየቅ እሱኑ ሰጥቼ ነበር።

«ኢት ኢዝ ፎር ዩ» አለችና ማንበብ ጀመረች።

ከሃልቨርሰን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታችንን አልረሳሁትም ይላል። ለአዲሶቹ ተማሪዎች ስለ እኔ ነግሯቸዋል። በሕይወቱ ከሦስት ፊኛ በላይ የለቀቀ ሰው አጠገባቸው የለም። ኦክቶበር ላይ ቅዳሜ ቀን ሲለቁ አብሬያቸው ብቆም፣ አንገቱን እንዴት እንደሚይዙ ባሳያቸው፣ ከዚያም ስለ ጨረር እርማት ግማሽ ሰዓት ባስተምራቸው ትልቅ ክብር ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ለሀሴት ሰላምታዬን አድርስልኝ የሚል አለበት። እሱንም አነበበችው፣ ድምጿ ከፍ ዝቅ ሳይል።

አንብባ ጨርሳ ቀና አለች። ምን ብላ እንደምትመልስለት በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

አይሆንም በይው ማለት ነበረብኝ። ልጄን ካላስገባህ እኔም አልገባም በይው ማለት ነበረብኝ። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቃሉም አፌ ላይ ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ። ስመኝ ከበሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው። ሀሴት ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው፣ አንድም ሰው፣ ና አስተምረን ብሎኝ አያውቅም።

«ቅዳሜው በስንት ቀን ነው አለ?» አልኳት።

ስመኝ ወደ ውስጥ ገባች። ሀሴት ኢሜይሉን መልሳ አይታ «ትዌልቭ» አለች።

«ያን ቀን ሥራ የለኝም» አልኳት።

መጻፍ ጀመረች። ሁለት መስመር ነው፤ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ፣ እገኛለሁ፣ ኪራኮስ። ላፕቶፑን አዙራ አሳየችኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም ስሕተት የለበትም።

«ላኪው» አልኳት።